የሽምብራው ቂም

ዓለምነው በተቀበረ ዕለት ለለቀስተኛው የቀረበው ንፍሮ አልበሰለም ነበር። ስንዴውስ ፈክቷል፤ ሆዱን ከፍቶ ነጭ ውስጡን ያሳያል። ሽምብራው ግን ጥይት ነው። ከመቃብር የተመለሰው ሰው እጁን ታጥቦ ከሰፌዱ ዘገነ፤ ወደ አፉ አደረገ፤ አንድ ሁለቴ አኝኮ ቆመ፤ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ አንዲቱን ፍሬ ከአፋቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ አኖሯትና የወለቀ ጥርስ እንደሚያይ ሰው አተኩረው አዩዋት። ለቅሶ ቤት የቀረበ ምግብ አይነቀፍም።

ዝም ያላለችው የሟች ታላቅ እኅት አሰገደች ብቻ ናት። ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ ፍሬዋን በጣቶቿ ስታሽ ቆየችና፣ ለማንም ሳይሆን ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ «ወንድሜ ተቀይሞ ነው የሄደ» አለች። «እህል እንኳ አውቆለት እንቢ አለ።»

የሟች ሚስት ሥራነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣ ይህን ሰማች። በማን እንደ ተቀየመ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የድንኳኑ ዓይን ሁሉ ወደ እርሷ ዞሯል።

ዓለምነው በደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ልብስ ይሰፋ የነበረ፣ ከስፌት መኪናው ድምፅ በቀር ድምፅ የማይወጣው ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ከፋሲካ በፊት ሆዱ አበጠ፤ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። አሰገደች በአምበር በኩል ወዳለ ጠበል እንውሰደው አለች፤ እርሱም እሽ ብሎ ነበር። ሥራነሽ ግን «መጀመሪያ ሆስፒታል። ሐኪሙ ሲጨርስ እንሄዳለን፤ ጠበሉ የትም አይሄድም» ብላ ያዘችው። እውነቷን ነው፤ ጠበሉ የትም አልሄደም። የሄደው ዓለምነው ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በነበረው ሳምንት ሆስፒታል አልጋ ላይ ዐረፈ። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ስሙን ጠራችው፤ አልዞረም። ትከሻውን ነካችው፤ አልዞረም። እንደዚያ እንዳለ ሞተ።

ይህን የግድግዳውን ነገር ሥራነሽ ለማንም አልተናገረችም። አሰገደች ደግሞ ሳታውቀው፣ በአንዲት የሽምብራ ፍሬ፣ ልክ እዚያው ቁስል ላይ ጣቷን አሳረፈች።

ሥራነሽ ማን እንደ ነበረች ካልታወቀ ቁጣዋ ከመጠን ያለፈ ይመስላል። ደምበጫ አካባቢ ከገበሬ ቤት ተወልዳ፣ ለዓለምነው ተድራ ደብረ ማርቆስ ከመጣች ጀምሮ በሰፈሩ እድር ውስጥ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። ለቅሶ በተሰማ ቁጥር ድንኳን ከሚተክሉት ወንዶች እኩል የምትጠራው እርሷ ነበረች፤ ንፍሮ የእርሷ ነው። ሽምብራውን ከማታው ትዘፈዝፋለች፤ የተንሳፈፈውን ለቅማ ትጥላለች፤ እሳቱ ከፍ ዝቅ እንዳይል ከድስቱ አጠገብ አትነሣም። ሌሎቹ ሴቶች ሲያወሩ እርሷ ድስቱን ታዳምጣለች። አንዲት ፍሬ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ይዛ ጫን ስታደርጋት ቅቤ ሆና ካልተዳጠች አታወጣም። «ያለቀሰ ሰው መንጋጋው ደክሟል» ትላለች። «ንፍሮ ጥርሱን ሊፈትነው አይገባም።» የባሏን ንፍሮ የቀቀሉት ሴቶችም ይህንኑ ከእርሷ የተማሩ ናቸው። እርሷ እንዳስተማረቻቸው አድርገዋል፤ ሽምብራው ግን እንቢ ብሏል። ስለዚህ ጥፋቱ የእነርሱ እንዳይሆን የአሰገደች ቃል ለሁሉም ተመቸ። ሟቹ ነው ተባለ። ቂም ነው ተባለ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በሰፈሩ አንዲት አሮጊት ሞቱ። ሥራነሽን ሐዘን ላይ ነሽ፣ ቅሪ አሏት። አልቀረችም። ድስቱን በእጇ ጣደች፤ ከጎኑ ሳትነሣ ዋለች። እንጨቱ አለቀ፤ ሌላ መጣ፤ እሱም አለቀ። ሽምብራው ጥይት ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወሬው መልኩን ቀየረ። የዓለምነው ቂም እጇ ላይ ነው፤ የነካችው ሁሉ አይበስልም ተባለ።

የእድሩ ዳኛ አቶ እንዳላማው ቤቷ ድረስ መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ክፉ ነገር ሲናገሩ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። አወለቁ።

«ሥራነሽ፣ ለጊዜው ዕረፊ ብለናል።»

«ማነው ያለ?»

«እድሩ ነዋ።»

«እድሩ አፍ አለው እንዴ? አፍ ያለው ሰው ይንገረኝ።»

«እንደው ሐዘን ላይ ነሽ ብለን ነው እንጂ…»

«ሐዘን ላይ ያለሁት ባሌ ስለሞተ ነው። እጄ አልሞተም።»

አቶ እንዳላማው ባርኔጣቸውን አዟዟሩ። ለማጽናናት ያህልም፣ «ደግሞ አታስቢ፤ ድስቱን ቄስ ወልደ ሰንበት ጠበል ረጭተውታል» አሏት።

ድስቱን! ስንት ዓመት አሸዋና አመድ ይዛ ስትፈገፍገው የኖረችውን ድስት! ሥራነሽ ነጠላዋን ያዘችና ሽማግሌውን እዚያው በራፏ ላይ ትታቸው ወደ ቄሱ ሄደች። ቄስ ወልደ ሰንበት የንስሐ አባቷ ናቸው፤ ለዓለምነውም ፍትሐት ያደረጉት እርሳቸው ናቸው።

«አባ፣ ሽምብራ ቂም ይናገራል?» አለች፣ መስቀሉን ሳትሳለም።

ቄሱ ጥቂት አሰቡ። «አህያ መናገሯን መጽሐፍ ይላል። ስለ ሽምብራ ግን እስካሁን አላነበብሁም።»

«እንግዲያ ይህንኑ ለሕዝቡ ይንገሩልኝ።»

«ልጄ፣ የለቀስተኛ ወሬ ነው፤ ሲሰለቸው ይተወዋል። በሰው ሐዘን መካከል ገብቶ መከራከር ለቄስ አይገባም።»

«ድስቱን መርጨትስ ይገባል?»

«ለምነውኝ ነው» አሉ ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እኔም ለመንሁዎ። እኔ ስለምን አይሰሙኝም?» አለችና ወጣች። መንገድ ላይ ስትደርስ ብቻ መስቀሉን አለመሳለሟ ትዝ አላት፤ ይህም በቄሱ ላይ ሌላ ንዴት ጨመረላት።

በዚያ ቀን ነው፣ ቁጣዋ ከፊቷ ሲሄድ እርሷ ከኋላው ስትከተል፣ ስንዴው ትዝ ያላት። ስንዴው ፈክቶ ነበር። በሁለቱም ለቅሶ ፈክቶ ነበር። ባሏ ከስንዴ ታርቆ ከሽምብራ ጋር ብቻ ነው የተኳረፈው? ነገሩ በአንድ ጊዜ የሚያስቅም የሚያሳብድም ሆነባት። ቂም ከሆነ እህል አይመርጥም። እህል የሚመርጥ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

አርባው ሲቃረብ የዓለምነውን ልብሶች ለድኻ ልትሰጥ አጠበች። ሳሙናው አረፋ አልሰጥ አላት። ብታሽ ብታሽ ገንዳው ላይ የሚንሳፈፈው የተቆራረጠ እርጎ የመሰለ ግራጫ ነገር ነው፤ ነጩ ሸሚዝም ሲደርቅ እንደ ሸራ ደረቀ። ቀና ስትል ማንቆርቆሪያውን አየችው። አፉ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይዟል። በጥፍሯ ፋቀችው፤ እንደ ግድግዳ ቀለም ተላጠ። ይህ ነገር መቼ ጀመረ? ለስቅለት የቀቀለችው ጉልባን ባቄላው ለስልሶ ነበር፤ ያኔ ውሃ የሚቀዳው ከታችኛው ምንጭ ነው። በፋሲካ ማግስት ግን አንድ ተራድኦ ድርጅት ያስቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ተመርቆ ሰፈሩ አዲስ ቦኖ አገኘ፤ ሰው ሁሉ ቁልቁለቱን ተገላገለና ምንጩን ረሳው። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ የሚረገም አልጠፋም። አንዱ ቤት ሳሙና ነጋዴውን ይረግማል፤ አንዱ የሽምብራ ነጋዴውን፤ አንዱ ምራቱን። ቦኖውን የረገመ ግን የለም። አዲስ ነገር፣ ያውም በነጻ የተሠራ፣ ማን ይረግማል?

ቦኖ ጠባቂው ዘንድ ሄደች። «ውሃው ምን አለበት?» አለችው።

«ምንም የለበትም። ተመርምሮ ነው የተከፈተ፤ ጀርም የለውም።»

«ጀርም አልጠየቅሁህም። ሽምብራ ለምን አያበስልም?»

ሰውየው ሳቀ፤ ወረፋ የያዙት ሴቶችም ሳቁ። ከመካከላቸው አንዷ «የዓለምነው እኅት ተናግራው የለ!» አለች። ሥራነሽ ጀሪካኗን ሳትሞላ አንሥታ ተመለሰች።

የጎረቤቷ ልጅ ሙላት በአንድ ሆቴል የቧንቧና የውሃ ማሞቂያ ሠራተኛ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣ፣ ስለ ሥራው ማውራት የሚወድ ጎልማሳ ነው። ይህን ነጭ ቅርፊት ከዓመት በፊት ሲያማርር ሰምታዋለች። ሆቴሉ ሄደችና የማንቆርቆሪያውን ቅርፊት በወረቀት ጠቅልላ አሳየችው። ሙላት ፊቱ በራ፤ እጇን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰዳት። እዚያ ቁመቱ ሰው የሚያህል የብረት ጋን ቆሟል፤ ከጎኑ ክዳን ያለው በርሜል አለ።

«ውሃ ማለስለሻ ነው፣ እትዬ።»

«ውሃ ደግሞ ምን ሻካራ አለው?»

«የእኛ ጉድጓድና የእናንተ ቦኖ ከአንድ ድንጋይ ነው የሚቀዱት። ውሃው ጥልቅ ድንጋይ ውስጥ ሲከርም ኖራውን አሟሙቶ ይዞት ይወጣል። በዓይን አይታይም፤ ቢጠጡትም አይጎዳም። ጠጣር ውሃ ይሉታል። ጠባዩን የሚያወጣው እሳትና ሳሙና ሲያገኘው ነው።» ከመደርደሪያ ላይ የተቃጠለ የማሞቂያ ብረት አንሥቶ አሳያት፤ አጥንት የለበሰ ይመስላል። «ይኸ ጋን ውስጥ ጤፍ ጤፍ የሚያካክሉ ቢጫ ፍሬዎች አሉ። ውሃው በመካከላቸው ሲያልፍ ኖራውን ይይዙበትና በምትኩ ከጨው ያገኙትን ይለቁለታል። ሲጠግቡ ግን መያዝ ይተዋሉ። ያን ጊዜ ከበርሜሉ የጨው ውሃ እንለቅባቸዋለን፤ ኖራቸውን ተፍተው እንደገና ይራባሉ።»

«እንደ እድራችን ዳኞች ናቸዋ። ሲጠግቡ አይሠሩም።»

ሙላት ሳቀ። ከሁለቱም ውሃ በሁለት ጠርሙስ ቀድቶ ሳሙና ፋቀባቸውና ነቀነቃቸው። ከጋኑ የወጣው እስከ አፉ አረፋ ሆነ። ከጉድጓዱ የመጣው እርጎ ሆኖ ቁጭ አለ። ሥራነሽ ሁለቱን ጠርሙሶች በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ሽምብራውስ?»

«የሽምብራና የባቄላ ቆዳ ኖራ ሲያገኝ ይጠነክራል። ስንዴውን እንኳ አላውቅም፤ ስንዴ አልተማርንም።»

ለአርባው ከጋኑ ውሃ እንደሚሰጣት ቃል ገባላት። ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ መሬት አልነካም። ደስ ብሏት ግን አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው፤ ዓለምነው በእርሷ ተቀይሞ ሞተ የሚለውን ቃል ከተናገሩት ሰዎች አፍ መልሳ ማውጣት። አሁን ማውጫው በእጇ ገባ።

በአርባው ዋዜማ ጠዋት ጀሪካኖቿን በጋሪ ጭና ሆቴሉ ደረሰች። ሙላት ሲያያት ወደ ጓዳ ገባ። ተከትላው ገባች።

«ቅዳልኝ።»

«እትዬ፣ ዛሬ ጋኑ ትንሽ…»

ጠርሙስ አንሥታ ራሷ ቀዳች፤ ሳሙና ፋቀችበት፤ ነቀነቀችው። እርጎ ሆነ።

«ምን አደረግኸው?»

«ጨው አልቆ ነበር። ሌላ እስኪመጣ ብዬ… አሞሌ ወቅጬ ጨመርሁበት።»

«ለከብት የሚሰጠውን አሞሌ?»

«ጨው ጨው ነው ብዬ ነዋ!»

የበርሜሉን ክዳን ከፈተች። ታቹ ጭቃ ነው። አሞሌው ከነአፈሩ ተወቅጦ ገብቶ፣ ጨው ውሃ የሚስበውን ቀጭን ቱቦ ደፍኖ፣ የተረፈውም ፍሬዎቹን ለብሶ ተቀምጧል። በዚህ መካከል ባለሆቴሉ አቶ ታረቀኝ ጩኸቱን ሰምተው መጡ።

«አሞሌውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ላሞቼ እየላሱት ወተት ይሰጣሉ። ለብረት ጋን ምን አነሰው?»

«ላሞችዎ ጭቃውን በምላሳቸው ይለያሉ» አለች ሥራነሽ። «ጋንዎ ምላስ አለው?»

ሥራነሽ ወደ ሙላት ዞረች። ነገ አርባ ነው፤ ሰው ተጠርቷል፤ ምንጩ ደግሞ ከብት ሲረግጠው ከርሞ ማጥ ሆኗል። «ሌላ ማድረጊያ የለም? ንገረኝ። የለም በለኝና ልሂድ።»

«ክረምት ቢሆን የጣራ ውሃ ነበር፤ የሰማይ ውሃ ድንጋይ አልነካም።»

«ባሌ ክረምትን አልጠበቀም።»

«እንግዲያ… አፍልተው ቢያጠልሉትስ? የዚህ አገር ኖራ አብዛኛው ሲፈላ ከውሃው ተለይቶ ይወርዳል። ማንቆርቆሪያው ላይ የያዘው እሱ ነው። በደንብ አፍልተው፣ አብርደው፣ ሳይነቀንቁ ላይ ላዩን ይቅዱ። ሙሉ በሙሉ እንኳ ባይሆን ይለሰልሳል።»

«ይህን ያን ጊዜ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ማሽኑን ላሳይዎ ብዬ ነዋ» አለ ሙላት፣ አንገቱን ደፍቶ።

የተናገረችውን ቃል እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። ባለጋሪው በኋላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቶታል።

ያን ቀን ቤቷ ያለውን ድስት ሁሉ ጣደች። ጎረቤቶቿ በአጥር እያዩ፣ «ሥራነሽ፣ ውሃ ብቻ የምታፈይው ምን ልትሠሪ ነው?» ይሏታል። «ቂም እየቀቀልሁ ነው» ትላለች። ውሃው ተንተክትኮ ሲበርድ ታቹ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ዘቀጠ። ከላይ ከላይ ቀዳችና በዓለምነው የልብስ ስፌት ቁራጭ ነጭ ጨርቅ አጠለለችው። ሳሙና ሞከረችበት፤ የሆቴሉን ባያህልም አረፋ ሰጠ። ከዚያ ከአንድ ጆንያ አንድ ዓይነት ሽምብራ ሰፍራ ለሁለት ከፈለች። ግማሹን በጠለለው ውሃ ዘፈዘፈች፤ ግማሹን ከቦኖ በቀጥታ በተቀዳው። በማግስቱ ሁለት ድስት ጎን ለጎን፣ ከአንድ ክምር በወጣ እንጨት፣ እኩል ጣደች።

ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው እንግዳ ዳሱ ውስጥ ሲሰየም፣ ከእንጀራውና ከወጡ በፊት ንፍሮ ሲቀርብ አይቶ ግር አለው። አንዲት ሴት ቀስ ብላ፣ «ለአርባ ደግሞ ንፍሮ ምን ይሠራል? ንፍሮ የቀብር ነው» አለች።

«የቀብሩ ስላልበሰለ ዛሬ ጨረስሁት» አለች ሥራነሽ፣ ሰፌዱን ከፊቷ እያኖረች።

ሰው ዘገነ። ሽምብራው አፍ ውስጥ ሟሟ። አቶ እንዳላማው ደግመው ዘገኑ። ጥርስ የሌላቸው አሮጊቶች እንኳ ፈገግ አሉ። ሥራነሽ ዳሱ መካከል ቆማ አሰገደችን ትጠብቃለች። አሰገደች አንዲት ፍሬ አነሣች፤ በጣቷ አሸቻት፤ ፍሬዋ ተዳጠች። ወደ አፏ አደረገቻት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«ተመስገን! ወንድሜ ይቅር አላት!»

«እሰይ! እሰይ!» አለ ሰው። «ታረቁ! ተመስገን!»

ሥራነሽ የለፋችው ለዚህ ነው? ይቅር ተባለች ማለት ተቀይሞ ነበር ማለት ነው። ምሕረት የተደረገለት ጥፋተኛ ያው ጥፋተኛ ነው። ቂሙን ከአፋቸው ላውጣ ብላ በገዛ ውሃዋ አጽንታ ተከለችው። ዞር አለችና ሁለተኛውን ድስት ራሷ አንሥታ አመጣች፤ ክብደቱ ወገቧን ሲያጎብጠው ማንንም አላስነካችም። ዳሱ መካከል መሬት ላይ ዘጭ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ይኸንንም ቅመሱ።»

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ቄስ ወልደ ሰንበት።

«ይኸም የዓለምነው ነው። አንድ ሽምብራ፣ አንድ እሳት፣ አንድ እጅ። ይቅመሱ፣ አባ። ስለ ሽምብራ አላነበብሁም ብለውኝ አልነበር? ይኸው፣ ያንብቡ።»

ቄሱ አንዲት ፍሬ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ቀጭ አለች። ጉንጫቸውን ያዙ።

«ባሌ በቀኙ ድስት ይቅር ብሎ በግራው ተቀይሞ ነው?» አለች ሥራነሽ። «ወይስ ከስንዴው ታርቆ ከሽምብራው ተጣልቶ ነው? ማነው የሚመልስልኝ? ያኛው ውሃ ፈልቶ የጠለለ ነው፤ ይኸኛው ከቦኖ እንደመጣ ነው። ውሃው ኖራ አለበት። እኔ እጅ ላይ ምንም የለም። ዓለምነው ላይም ምንም የለም!»

አቶ እንዳላማው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቄሱ ፍሬዋን ከአፋቸው አውጥተው፣ ጉንጫቸውን እንደያዙ፣ «ውሃው ነው» አሉ። «ስለ ሽምብራ የተነገረው ሐሰት ነው። ቀድሞ መናገር ነበረብኝ።» ከወዲያ ጥግ አንዱ፣ «እኔማ ምራቴን ስንት ነገር ተናገርኋት!» አለ፤ ሰው ሳቁን ዋጠው።

አሰገደች ግን አልተረታችም። «ውሃውን ተይው!» አለች ተነሥታ። «ጠበል ብሎ ነበር። ወንድሜ ጠበል ብሎ ነበር፤ አንች ከለከልሽው!»

ሥራነሽ የባሏን ታላቅ እኅት በኖረችበት ዘመን ሁሉ አንቱ ከማለት ወጥታ አታውቅም። አሁን ወጣች።

«እንዲያ በይ! ይህን በአፍሽ በይው! በሽምብራ አትናገሪ! ቂሙ የእሱ አይደለም፤ ያንች ነው!»

«አዎ የእኔ ነው!» ብላ ጮኸች አሰገደች። «የእኔ ነው! አላስታመምሁትም፤ ስደርስ ቀዝቅዞ ነው ያገኘሁት። ሲሞት ምን እንዳለ እንኳ አልነገርሽኝም! እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም!»

«ምንም አላለም! ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሞተ። ጠራሁት፤ አልዞረልኝም። ይኸው፣ ነገርሁሽ። ደስ ይበልሽ!»

በሰው ሁሉ ፊት ራሷ በራሷ ላይ መሰከረች። አሰገደች ግን ገና በቁጣ ላይ ናት፤ ምን እንደሰማች እንኳ አላስተዋለችም።

«እና ወደ የት ሊያዞር ኖሯል? ከልጅነቱ ሲያመው ፊቱን ወደ ግድግዳ ነው የሚያዞር! ክንዱ የተሰበረ ጊዜ እናታችን ስታለቅስ እንዳያይ፣ እርሷም ሲያቃስት እንዳታየው ብሎ ግድግዳ ሲያይ ነው የከረመ። ብትገርፊው አይዞርም። ስንት ዘመን አብረሽው ኖረሽ ይህን አታውቂም?»

አታውቅም ነበር። ከመጨረሻው ሕመም በፊት ዓለምነው ታሞ ተኝቶ አያውቅም።

ሥራነሽ ድስቱን ተደግፋ ቁጭ አለች። እስኪበቃት አላለቀሰችም፤ ንዴቱ እንባዋን ቀደመው። «ይህን ይዘሽ ነው አርባ ቀን ሙሉ ሽምብራ ስታሺ የከረምሽ?» አለች። «በአንድ ቃል የሚያልቀውን?»

«አልጠየቅሽኝማ!»

«አንችስ ጠየቅሽኝ?»

አቶ እንዳላማው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ እድሩ ከነገ ጀምሮ…» ብለው ሲጀምሩ ሥራነሽ ቀና ብላ አየቻቸውና ጨርሰው ሳይናገሩ ተቀመጡ። የእድሩን ድስት ጠበል ወደ ረጩበት ቄስ ይውሰዱት፤ እርሳቸው ይቀቅሉላቸው አለች። ወደ እድሩ ድስት የተመለሰችው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ እሱም ለቀብር የሚሆን ውሃ በዋዜማው ፈልቶ እንዲጠልል እድሩ ከወሰነ ወዲያ።

እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ሲወጣ፣ ያልበሰለው ድስት ዳሱ መካከል ቀርቶ ነበር። እህል አይደፋም። ሥራነሽ ውሃውን ደፍታ ከጠለለው የተረፋትን ጨመረችበትና እንደገና ጣደችው። አንዴ የጠነከረ ሽምብራ ጥሩ ውሃ ቢያገኝም ቶሎ አይለሰልስም፤ ይህን ማንም ሳይነግራት አወቀች። አሰገደችም አልሄደችም። ከምድጃው ማዶ ተቀምጣ፣ ሳትባል፣ እንጨት ወደ ውስጥ ገፋች።

«አታብዥው፤ ይጨሳል» አለች ሥራነሽ በቁጣ።

አሰገደች አንዱን እንጨት ጎትታ አወጣችው።